«መንፈሳዊ ገጽ» ሁሉ መንፈሳዊ ነውን? ስለ ክርስቲያንና ስለ ስልኩ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ወር በአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ አንድ ወንድማችን ክርስቲያን በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት ሊኖር እንደሚገባው ያቀረቡትን ሰፊ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ሁለተኛ ቤቴ ገብቼ እርሳስ ይዤ ነው። በመጀመሪያው ንባብ በብዙው ተስማምቼ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ከሐሳቡ ሥር ያለው ስሕተት ቀላል እንዳልሆነ ታየኝ። ይህን ምላሽ ከመጻፌ በፊት ለጸሐፊው ደውዬላቸዋለሁ፤ «በጽሑፍ የቀረበ በጽሑፍ ይመለስ፣ ሌላውም አንባቢ ይጠቀምበታል» ስላሉኝ እነሆ ጻፍሁ።

የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ስልክ እንደ ቢላ ስለሆነ ጥፋቱም ጥቅሙም የተጠቃሚው ነው፤ ዘፈኑን፣ ቀልዱንና ፖለቲካውን ትቶ መንፈሳዊ ገጾችን ብቻ የሚከተል ምእመን ከአደጋው ይድናል፤ ቤተ ክርስቲያንን የሚነካ ነገር ሲያይ ሳይውል ሳያድር ለወንድሞቹ ማጋራት ግዴታው ነው፤ የንስሐ አባቱን በቅርብ የማያገኝ ሰው በዩቲዩብ በሚያስተምሩ መምህራን ሊተካቸው ይችላል። በመጨረሻም በዐቢይ ጾም ሁላችንም ማኅበራዊ ሚዲያን እንድንተው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም ሊታዩ የሚገባቸውን ገጾች ዝርዝር አውጥቶ እንዲለጥፍ ይጠይቃሉ። የተነሡበት ጭንቀት የእኔም ጭንቀት ነው። የምንለያየው አደጋው ከየት ይመጣል በሚለው ላይ ነው፤ እርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ይፈልጉታል፣ እኔ ግን የሚያስፈራኝ መስቀልና ሥዕለ አድኅኖ ለጥፎ የሚመጣው ነው፤ እርሱ ሲመጣ መመርመር እናቆማለንና።

ከቢላው ልጀምር። ቢላ ሽንኩርት ለሚከትፍም ሰው ለሚወጋም ያው ቢላ ነው ይላሉ። ምሳሌው ለመስበክ ይመቻል፤ ቢላ ግን ሌሊት በአምስት ሰዓት ከመሳቢያው ውስጥ ሆኖ አይጠራንም፤ ትናንት ምን እንደ ከተፍንም አስታውሶ ዛሬ ከዚያ የባሰውን አያቀርብልንም። እነዚህ መድረኮች ምን እንደሚያሳዩን የሚወስኑት ቀደም ሲል ምን ላይ ቆም እንዳልን፣ ምን እንደ ነካንና ምን ላይ አስተያየት እንደ ጻፍን ቆጥረው ነው። ከፌስቡክ ወጥተው በ2021 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ የታተሙ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ድርጅቱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቁጣውን ጨምሮ እያንዳንዱን የስሜት ምልክት ከአንድ «ላይክ» አምስት እጥፍ አድርጎ ይመዝን ነበር፤ የቁጣው ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው ዘግይቶ ነው። ይህን ያወቀ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ሃይማኖታችንን የሚሳደብ ጽሑፍ አይተን ከሥሩ በንዴት የደረደርነው መልስ ሁሉ ጽሑፉን ላላዩት ወንድሞቻችን ደጅ አድርሶታል። ተሳዳቢውን የተሸከምነው እኛ ነን። ስለዚህ ተጠቃሚው ተጠያቂ ነው ማለታቸው ትክክል ቢሆንም፣ የሚያስተውል ክርስቲያን የሚያየውን ብቻ ሳይሆን ለምን ለእርሱ እንደ ታየውም መጠየቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ዋናው ስለሆነ በእርሱ ላይ እቆያለሁ። «መንፈሳዊውን ብቻ ተከተሉ» ለሚለው ምክራቸው ማስረጃ ያደረጉት ሐዋርያው ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምዕራፍ 4 ቁጥር 8 የጻፈውን ነው። ጥቅሱ ግን ከእርሳቸው ይልቅ ለእኔ የሚመሰክር ይመስለኛል። ሐዋርያው ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው «እውነተኛ የሆነውን ነገር ሁሉ» ነው፤ ንጹሑና ፍቅር ያለበቱ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። ደግሞም የዝርዝሩ ማሰሪያ «እነዚህን አስቡ» ነው። ማሰብና ማየት አንድ አይደሉም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንት የተቆራረጡ ስብከቶችን፣ ሦስት መዝሙሮችንና ሁለት የተአምር ታሪኮችን በአውራ ጣቱ እየገፋ ያለፈ ሰው ስምንቱንም ስብከት አላሰበም። ከመካከላቸው አንዱ ሐሰት ቢሆን በምን ያውቃል?

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ላይ የምናነበው ፈታኝ ወደ ጌታ የቀረበው ዘፈን ይዞ አልነበረም፤ መዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ ነው የቀረበው። የጠቀሰው ከመዝሙር 90 ሲሆን፣ ከጥቅሱ መካከል «በመንገድህ ሁሉ» የሚለውን ጎርዶታል፤ ቀጥሎ ያለውን እባቡንና ዘንዶውን ስለ መርገጥ የሚናገረውን ክፍል ደግሞ ጨርሶ አልነካውም፤ ስለ ራሱ ነዋ። አንድ ቃል ሐሰት ሳይጨምር በመቁረጥ ብቻ ቅዱስ ቃልን ወጥመድ አደረገው። ዛሬ የሁለት ሰዓት ትምህርት ወደ አርባ ሰከንድ ተቆርጦ፣ ከሥሩ የሚያባባ በገና ገብቶበት፣ ከላዩ «ሰበር! መምህሩ ጉዱን አፈነዱት» የሚል ርእስ ተለጥፎበት ሲመጣ እኔ ይህ የወንጌል ክፍል ትዝ ይለኛል። መምህሩ መምህራችን ናቸው፣ ድምፁም የራሳቸው ድምፅ ነው፤ ያስተማሩት ግን ሌላ ነው።

ለምን ይቆረጣል ለሚል ሰው ከፊሉ ምክንያት ሒሳብ ነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢው ለማካፈል ቢያንስ 1,000 ሰብስክራይበር፣ ከዚያም ጋር በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ወይም በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ ዕይታ ይጠይቃል። ያን ለማሟላት የሚሮጥ ሰው ሙሉውን ትምህርት በትክክለኛ ርእሱ ቢለጥፈው ማን ያይለታል? በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሁሉ ለገንዘብ ይሠራሉ አላልሁም፤ ሌሊት እንቅልፋቸውን አጥተው የሊቃውንቱን ትምህርት ሳይሸራርፉ የሚያቀርቡ ልጆች አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለቱም «መንፈሳዊ ገጽ» ይባላሉ፣ ሁለቱም ፊት ለፊታቸው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ተቀምጦ ይታያል፤ የወንድማችን መለኪያ ሊለያቸው አይችልም።

በዚህ ነጥብ ላይ የራሴን ነውር ልናገር። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደረሰኝ ሳላይ ለማንም አምስት ብር አልከፍልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጽዋ ማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ ጥሪ መጣ። በጠል የተጎዳ መቅደስ፣ ያረጁ መነኩሴ ፎቶግራፍ፣ «ገዳሙ ሊፈታ ነው» የሚል ልብ የሚነካ ጽሑፍና በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ የሒሳብ ቁጥር ነበረበት። በዚያው ምሽት ላክሁ። ሌሎች አሥራ ሦስት የማኅበሩ አባላትም፣ «እርሱ የሒሳብ ሰው ነው፣ አጣርቶ ነው» ብለው እኔን ተከትለው ላኩ። ፎቶግራፉ የሌላ አገር የሌላ ገዳም መሆኑን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ዲያቆን ነገረን። በመሥሪያ ቤቴ አንድ ተራ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ፣ በወንድሙ ስም ባለ ሒሳብ ክፈሉኝ ቢለኝ ከቢሮ አስወጣው ነበር። ለዚህኛው ግን አልጠየቅሁም፤ መጠየቁ ራሱ ጥርጣሬ፣ ጥርጣሬውም የእምነት ጉድለት መስሎ ስለታየኝ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ ድሮ ባንክ ወረፋ ላይ የምንቆምባት ግማሽ ሰዓት ቢያንስ «ይህ ሰው ማነው?» ለማለት ትበቃ ነበር። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ ከአንድ ሰው በላይ ፊርማ እየተንቀሳቀሰ፣ በደረሰኝ እንደሚሰበሰብ ማንኛውም የሰበካ ጉባኤ አባል ያውቃል። ያን ምሽት አንድ ስልክ ደውዬ ብጠይቅ ይበቃኝ ነበር።

ሥዕሎቹም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ የእመቤታችንና የቅዱሳን ምስሎች ስልኮቻችንን ሞልተዋል። በነገራችን ላይ «አስተውሎት» የሚለውን ቃል ለማሽን አሳልፈን መስጠታችን እኔን ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ ለራሳችን ምን አስቀረን? ምስሎቹ ያምራሉ፣ ያብረቀርቃሉ፤ የጣቶቻቸው ቁጥር የተሳሳተ፣ የመስቀሉ ቅርጽ ከየትኛውም አብያተ ክርስቲያናት የማይገጥም፣ በብራናው ላይ ያለው ጽሑፍ ግእዝ የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ሆኖ እናገኘዋለን። በጥንታዊው የአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ፣ አጋንንትና ጨካኞች ግን ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ማንን ለማክበር ማንን ለመንቀፍ እንደ ሣለ ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ አይቶ ይለይ ነበር። ለአራሾቹ አያቶቻችን የተሰጠው ይህ የማየት ትምህርት ለዲግሪ ምሩቆቹ ለእኛ ጠፍቶብን፣ ማሽን የሠራውን ምስል የስልካችን መግቢያ አድርገን እንሳለመዋለን።

ሦስተኛው፣ «ሳይውል ሳያድር አጋሩ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ወንድማችን በ2015 የሆነውን ያነሣሉ፤ ምእመናን በማኅበራዊ ሚዲያ ባይነቃቁ ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ አልባ ትሆን ነበር ይላሉ። ያን ጊዜ ማንም አልረሳውም። ጥር 14 ቀን ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተፈጸመ ተባለ፣ በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰን ቅዳሴ ቆምን፣ የካቲት 2 ቀን ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገደቡ፤ እስከ ሐምሌም አልተለቀቁም። የሲኖዶሱ መግለጫ በፍጥነት ለሁሉም መድረሱ መልካም እንደ ነበር አልክድም። ግን በዚያው ፍጥነት ሌላም ነገር ደርሷል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ «ዛሬ ሌሊት የተቃጠለ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ምስል ተቀብዬ ወዲያው ለዘመዶቼ ላክሁት። አክስቴ ከክፍለ ሀገር እያለቀሱ ደወሉልኝ፤ የተባለው ቦታ ልጃቸው የሚኖርበት ነበር። ልጁ በሰላም ነበር፤ ምስሉም ዓመታት ያለፉት ሆኖ ተገኘ። የአክስቴን የዚያን ሌሊት ልቅሶ ግን «ለቤተ ክርስቲያን ስለ ቆምሁ» በሚል ሰበብ ማጥፋት አልችልም።

መተግበሪያዎቹ ሲዘጉ ወሬው አልተዘጋም፤ ቪፒኤን ያለው በቪፒኤን፣ የሌለው በስልክ ጥሪ ይቀባበለው ነበር። አንድ ልዩነት ግን አስተውያለሁ። በስልክ የሚነግርህ ሰው ድምፅ አለው፣ «ከማን ሰማህ?» ብትለው ይደናገራል ወይም ይነግርሃል። የተላለፈ መልእክት ግን ከማን እንደ ተነሣ የማይታወቅ፣ ሁላችንም አስተላላፊ እንጂ ተናጋሪ ያልሆንንበት ነገር ነው። በዘጸአት 23፥1 ያለው ትእዛዝ «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ብሎ ከተቀባዩ ይጀምራል። ሐዋርያውም ለጢሞቴዎስ ከሁለት ወይም ከሦስት ምስክሮች በቀር በሽማግሌ ላይ ክስ እንዳይቀበል አዝዞታል። አንድ ቪዲዮ አሥር ሺህ ጊዜ ቢጋራ ምስክሩ ያው አንድ ነው። ስለ ካህናቶቻችን የሚለጠፉትን «ማጋለጫዎች» በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው ስንቱ ይቀራል? ወንድማችን «ዝምታ ተባባሪነት ነው» ይላሉ፤ በደል በእርግጥ ሲኖር አዎን። ነገር ግን ሁለት ቀን አጣርቶ መናገር ዝምታ አይባልም፤ በማቴዎስ 18 የተሠራውን ሥርዓት፣ መጀመሪያ ብቻውን፣ ከዚያ በምስክር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን የሚለውን መከተልም ፍርሃት አይደለም።

አራተኛውን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፣ በከፊል እውነት ስላለበት። የንስሐ አባቶች እጅግ ብዙ ልጆች እንዳሏቸው፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ አምስት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ የሚማር ልጅም አባቱን በዓመት አንዴ እንደሚያገኛቸው እርግጥ ነው። መፍትሔው ግን መተካት አይደለም። የዩቲዩቡ መምህር ስለ ትዕቢት ሲያስተምሩ ትዕቢተኛውም ተስፋ የቆረጠውም እኩል ይሰማቸዋል፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ሲሆን ፊቱን አያዩም። የንስሐ አባት «አንተ ለጊዜው ይህን ተወው» የሚሉት ታሪክህን ስለሚያውቁ ነው። በዚያው በስልክ ለእርሳቸው መደወል እኮ ይቻላል፤ እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸው ከጎጃም ንስሐ አባታቸው ጋር በየወሩ መጀመሪያ በስልክ ይነጋገራሉ፣ ለኑዛዜ ሲሆን ግን መሄድ እንዳለባቸው አባ ነግረዋቸዋል። እኔ ስለ ስልክ መንፈሳዊ ጥቅም ጻፍ ብባል የምጽፈው ስለዚህ ነበር።

አሁን ወደ ጾሙ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ማኅበራዊ ሚዲያን መተው መልካም ልማድ ነው፤ አቅሙ ያለው ያድርገው። ለሁሉም ሕግ እናድርገው ሲሉ ግን የማን ኑሮ በዓይነ ሕሊናቸው እንደ ታየ እጠይቃለሁ። መርካቶ ዕቃውን በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴ፣ ቲክቶክ ላይ ሥራዋን አሳይታ ደንበኛ የምታገኝ ፀጉር ሠሪ ከማኅበራችን አሉ። ከዚያም በላይ፣ በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ግማሹ የጽዋ ማኅበራችን አባል ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ድሮ በአንድ አጥር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ለመገናኘት ሁለት ታክሲ ይይዛሉ። ማን ታመመ፣ ማን አረፈ፣ የዚህ ወር ጽዋ የማን ተራ ነው የሚለውን የምናውቀው በዚያው ቡድን ነው። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ አጋማሽ ላይ አንዲት እናት ያረፉ ጊዜ፣ ቴሌግራሙን «የጾሙት» ሦስት አባላት ቀብሩን ሳይደርሱ ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። ጾም እህል አይንኩ ሲል እንኳ ሕፃኑን፣ ሕመምተኛውንና ነፍሰ ጡሯን ለይቶ ነው፤ ለስልክ ጾም ስንደነግግ ያን ያህል እንኳ ብንለይ።

ስለ ዝርዝሩ የምለው አጭር ነው። ዛሬ ጥሩ የሆነ የቴሌግራም ቻናል ነገ ከነተከታዮቹ ተሽጦ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ የውርርድ ማስታወቂያ ሲለጥፍ አይተናል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ በመስከረም ያጸደቀው ገጽ በጥር ሌላ ሰው እጅ ላይ ቢሆን፣ በማኅተማችን ላሳሳትነው ልጅ ተጠያቂው ማነው? የቤርያ ሰዎች ከጳውሎስ አፍ የሰሙትን እንኳ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን እየመረመሩ ነበር የተቀበሉት፤ ሐዋርያው በዝርዝር ውስጥ ስላለ ይበቃናል አላሉም፤ ሉቃስም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም። በዝርዝሩ ፈንታ በእኛ ቡድን አንድ ነገር ሞክረናል፤ ማንኛውም የርዳታ ጥሪ ከመለጠፉ በፊት አንድ አባል ወደ ቦታው ወይም ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት ይደውላል፣ የደወለውም ሰው ስሙን ከመልእክቱ ሥር ይጽፋል። ጥሪዎቹ በጣም ቀነሱ። የቀሩት ግን ከበፊቱ ይልቅ ገንዘብ አገኙ።

በስልክ ስንነጋገር ወንድማችን ልመልሰው የቸገረኝን አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ይህ ሁሉ ለአንተ ለአዋቂው ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ማታ የአሥራ አራት ዓመት ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ያንን መንፈሳዊ የሚባል ቪዲዮ ስታይ ምን ልበላት?» አሉኝ። ያን ጊዜ ያልኋቸውን እዚህም እጽፈዋለሁ። አጠገቧ ይቀመጡና አብረው ይዩት፤ ሲያልቅ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ፣ የነገራትን ከማን እንደ ሰማው፣ ከእርሷስ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቋት። ከሦስቱ አንዱን እንኳ መመለስ ካልቻለች ሁለታችሁም ሙሉውን ትምህርት ፈልጋችሁ አዳምጡ። «ሁለት ሰዓት ነው እኮ!» አሉኝ። አዎን፣ ሁለት ሰዓት ነው።